ሙህሲን ድንጋዩን አልሸከምም ያለ ጊዜ

ወንድሜ ሙህሲን ከልጅነቱ ጀምሮ ነገር አያልፍም። "ዝናቡ ተራራ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ለምን እኛ ጋ ይመጣል?" ብሎ ይጠይቃችኋል። ትመልሱለታላችሁ። "እሺ፣ ተራራው ለምን ለራሱ አያስቀረውም?" ይላል። አባታችን፣ አላህ ይርሀመው፣ "ይሄ ልጅ ወይ ቃዲ ይሆናል ወይ ያብዳል" ይል ነበር። ቃዲም አልሆነ፣ አላበደም። ደሴ ኮሌጅ ገባና ፍልስፍና ተማረ።

እኔ ሀዋ ነኝ፣ ታላቅ እህቱ። ባሌን ፈትቼ እናቴ ቤት ተመልሼ፣ ቆቦ ገበያ ሽንኩርት እየቸረቸርኩ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ በሱ ጉዳይ ብቆጣ ማንም አፍሽን ዝጊ ሊለኝ አይችልም። ከሱ ይበልጥ የምቆጣው ግን ገዛኸኝ በሚባለው መምህሩ ላይ ነበር። ሰውየውን አይቼው አላውቅም። ሙህሲን የባለሱቁ ስልክ ላይ በደወለ ቁጥር ግን ገዛኸኝ እንዲህ አለ፣ ገዛኸኝ እንዲህ ጠየቀ ነው። "የፍልስፍና መግቢያ የሚባል ትምህርት ነው፣ ሀዋ። ገና መግቢያው ነው" ይለኛል። በመግቢያው እንዲህ የሆነ ልጅ ውስጡ ሲገባ ምን ሊሆን ነው እያልኩ ስልኩን እዘጋለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እሱ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት በነበረው ክረምት ነው፣ በዘጠና ሰባት ነሐሴ። የኛ ቀበሌ ከዋጃ መንገድ ወደ አፋር በኩል ወርዶ ሜዳው ላይ ነው። እዚያ ማሽላ የሚበቅለው በሰማይ ዝናብ አይደለም፣ በጎርፍ ነው። በምዕራብ ተራራው ላይ ይዘንብና ደረቁ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ፣ ወንዱ ሁሉ አካፋና ዶማውን ይዞ ይወጣል። የአፈር ግድቡን ቆርጦ ውሃውን ወደ ማሳው ይጠልፋል። ተራ አለው። ተራህ ካመለጠህ ዓመቱን አፍህን ይዘህ ትቀመጣለህ። የዚያን ቀን ተራው የጎረቤታችን የሙሀመድሰይድ ነበር። ታላቅ ወንድማችን በድረዲን ግን "ያለፈው ጎርፍ መንገድ ላይ ቀርቶብኛል፣ የኔ ተራ አላለቀም" አለ። ቃል ተመላለሱ። ሙሀመድሰይድ አካፋ አነሳ፣ በድረዲን ዱላ አነሳ። ራያ ዱላ ካነሳ ለማስፈራራት ብሎ አይደለም። አንዴ ነው የመታው። ሰውየው እዚያው ቀረ፣ ውሃው ግን ወደኛ ማሳ ገባ።

በድረዲን በዚያው ቀን እጁን ሰጠ። ተፈረደበት፣ ወልድያ ታሰረ። መንግሥት የራሱን ጨረሰ። ደሙ ግን አላለቀም። በኛ አገር ደም የሚመለሰው በገዳዩ ብቻ አይደለም፣ ከገዳዩ ቤት ምርጡ ሰው ይፈለጋል። የሟቹ ወንድም ካሊድ ገበያ መሀል ቆሞ "ወንድሜ የቤታችን ምሰሶ ነበር፣ እኔም የነሱን ምሰሶ ነው የምጥለው" አለ። ታዲያ የኛ ምሰሶ ማነው? በዚያ ዓመት ማሽላው እንደ ጉድ አፍርቶ ጎተራው ሞላ። ግማሹን ሸጥንና ሙህሲንን ደሴ ላክነው። ከቀበሌያችን ኮሌጅ የገባ የመጀመሪያው ልጅ። ሴቱ እልል ሲል እኔም አብሬ እልል ብያለሁ። ማታ ጋደም ስል ነው የገባኝ፤ ልጁን ያስተማርነው መስሎን ለካሊድ መርጠን ሰጠነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም።

ደም የሚያደርቁ ሽማግሎች አሉን፣ ዘወልድ ነው የምንላቸው። ክርስቲያንም እስላምም አለበት። ዋናቸው ጋሽ ሙላው የሚባሉ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሲናገሩ ዓይን ዓይን የሚያዩ። ወራት ሙሉ በሁለቱ ቤት መሀል ተመላልሰው አንድ ነገር አስማሙ። ከብት ይሰጣል። በድረዲን እስር ቤት ስላለ የእርቁን ድንጋይ በሱ ፈንታ ሙህሲን አንገቱ ላይ ተሸክሞ በሟች ቤተሰብ ፊት ይቆማል። "በደለኛ ነኝ፣ ስለ አላህ ብላችሁ አውርዱልኝ" ይላል፣ ያወርዱለታል። ሦስተኛው ላይ ካሊድ ድርቅ አለ። ወንድሙ ልጅ ሳይተካ ነው የሞተው። ስለዚህ ከኛ ቤት ሴት ትሰጠኝ፣ መጀመሪያ የምትወልደው በወንድሜ ስም ይጠራ አለ። የኛ ቤት ሴት ደግሞ ማን አለች? እኔ ነኛ!

"እሺ" አልኩ። ምን ልበል? ካሊድን ገና ከሩቅ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። ግን ወንድሜን በከፈን ተጠቅልሎ ከማይ በእግሬ ብሄድ ይሻላል ብዬ አንጀቴን አሰርኩ። ጋሽ ሙላው እናቴን ሊያጽናኑ መጥተው ደጃችን ተቀምጠው፣ "አይዞሽ፣ ድንጋዩ ከወረደለት ሰው ላይ ከዚያ በኋላ ምንም አይጠየቅም። ደምም፣ ከብትም፣ ቃልም። ያን የጣሰ ቤቱ ይፍረስ ብለን ነው የምንማማለው" አሏት። እናቴ እጃቸውን ሳመች። ቀኑ ለሐሙስ ተቆረጠ፣ እስከ ሐሙስ ማንም ማንንም እንዳይነካ ቃል ተገባ።

ሙህሲን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቆቦ መናኸሪያ ወረደ። ቃል ተገብቷል ተብሎ የሚተኛ ሞኝ አለ? ቀድሜ ሄጄ ቆሜያለሁ። በኛ አገር ሴት አጠገብ ያለን ወንድ መምታት ነውር ነው፣ ስለዚህ እንደ መዥገር ልጣበቅበት ወስኛለሁ። አውቶብሱ በር ላይ ክንዱን ቀብ ሳደርገው "ምነው ሀዋ፣ ሙሽራ አደረግሽኝ እኮ" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ከሱ ትከሻ በላይ ካሊድን አየሁት። ማዶ ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው፣ ክላሹ ትከሻው ላይ፣ ዱላው ጉልበቱ ላይ። ሻዩ ፊቱ ቀዝቅዟል። ጎትቼ ላሳልፈው ስል ልጁ እጄን አስለቅቆ ቀጥ ብሎ ወደሱ አይሄድ መሰላችሁ!

"አሰላሙ አለይኩም፣ ካሊድ" አለ።

ደም ያለባቸው ሰዎች ሰላም አይባባሉም። አስተናጋጁ ብርጭቆ እንደያዘ ቆመ። ካሊድ አልመለሰም። ወንድሜን ከጫማው እስከ ግንባሩ አየው፣ እጁ ከዱላው ላይ ተነስቶ ወደ ማንገቻው ሄደ፣ እዚያ ላይ ቆየ። እኔ በመሀላቸው ገባሁ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ወንድሜን በጃኬቱ እየጎተትኩ ከተማውን ወጣሁ።

"አብደሃል? ንገረኝ፣ አብደሃል?"

"ሰላምታ አላህ ያዘዘው ነው። ደግሞ እኔ ከሱ ጋር ጠብ የለኝም" አለ።

ቤት ደርሰን፣ እናቴ አቅፋ አልቅሳ ሳታበቃ፣ ነገሩን አፈረጠው። ድንጋዩን አልሸከምም አለ። እናቴ የምትሰማው ነገር አልገባትም፣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ነኝ የጮህኩት።

"ስሚ ሀዋ" አለኝ፣ ተማሪ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ተረጋግቶ። "ነገር መነሻና መደምደሚያ አለው። መነሻ አንድ፣ ድንጋይ የሚሸከም በደለኛ ነው። መነሻ ሁለት፣ እኔ አልበደልኩም። መደምደሚያው ምንድን ነው?"

"መደምደሚያውማ ትሞታለህ ነው!"

"እሱ አይከተልም።"

"ጥይቱ ይከተላላ! ብልህ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል። መጀመሪያ ተሸከም፣ ከወረደልህ በኋላ እስኪበቃህ ተከራከር!"

ያኔ ፊቱ ተለወጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በበድረዲን ጥፋት እኔ ከተጠየቅኩ አንቺም ትጠየቂያለሽ ማለት ነው። ድንጋዩን የተቀበልኩ ቀን አንቺንም አሳልፌ ሰጠሁሽ። አንዱን እሺ ብዬ ሌላውን እምቢ ማለት አልችልም። አንድ ነገር ነው።"

እውነቱን ልንገራችሁ። ሽማግሎቹ፣ እናቴ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከዚያ በፊት ስለ ሙህሲን ነበር የሚያወሩት። አንቺስ ያለኝ ሰው አልነበረም። ደስ አለኝ። ግን በዚያው ቅጽበት ይሄ ልጅ ለኔ ብሎ ሊሞት ነው የሚል ፍርሃት እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ጀርባዬ ላይ ወረደ።

"እኔ እሺ ብያለሁ፣ አንተ ምን ቤት ነህ?" አልኩት።

"እሺ ያልሽው እኔ እንዳልሞት ነው። እሱ እሺ አይባልም። መምህር ገዛኸኝ..."

"ገዛኸኝ ሐሙስ መጥቶ ይቁምልሃ!" ብዬ ጫማዬን ወረወርኩ። በራሱ ላይ አለፈ። እሱም አልሸሸ፣ ጫማውን አንስቶ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝና "ገዛኸኝ የሚለው፣ መደምደሚያህ ካስጨነቀህ ተመልሰህ መነሻህን መርምር ነው። እኔ ስመረምር ነው የከረምኩት፣ ሁለቱም መነሻ ልክ ነው" አለ።

ረቡዕ ጠዋት ሳልነቃበት ወጣ። ነፍሴ ወጥታ ስሮጥ ማሳው ውስጥ አገኘሁት፣ ያምናው የማሽላ አገዳ ቁርጥ መሀል ቁጭ ብሎ። ካሊድ የፈለገ እንደሆነ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም፣ ዙሪያው ሜዳ ነው። አጠገቡ ቁጭ አልኩ፣ ምን ላድርግ።

"ይሄ ያን ቀን በገባው ውሃ የበቀለው ነው?" አለኝ።

"አዎ። አንተን ደሴ የላከህ ማሽላ ነው።"

"ቤት ምን ስትበሉ ከረማችሁ?"

"እሱኑ ነዋ። ሌላ ምን አለን?"

ማታ የማሽላ ቂጣ ሳቀርብለት መሶቡን በእጁ ገፋ አደረገው። ሐሙስ ግን ሽማግሎቹ ሲመጡ ተነስቶ አብሯቸው ወጣ። እሸከማለሁ አላለም፣ አልሸከምም አላለም። እናቴ "አላህ ልቡን መለሰው" አለች። እኔ ወንድሜን ስለማውቀው ፍርሃቴ ባሰብኝ።

ቦታው ደረቁ ወንዝ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ነው። የነሱ ወገን በአንድ በኩል፣ የኛ በሌላ በኩል ተቀምጧል፣ በመሀል ባዶ መሬት። ጠመንጃው ሁሉ ተሰብስቦ ከሽማግሎቹ ኋላ ተከምሯል። እንዲያም ሆኖ ከካሊድ እስከ ክምሩ ያለው ርቀት ዘለግ ያለ እርምጃ ነው፣ በዓይኔ ለክቼዋለሁ። ሴቶቹ ከኋላ ነን። የሟቹ እናት እማማ ዘነበች ፊት ለፊቴ ነበሩ፣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነዋል።

ሙህሲን ራሱን ገልጦ፣ ባዶ እግሩን፣ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ መሀል ገባ። "አልሀምዱሊላህ" አልኩ በሆዴ።

ጋሽ ሙላው ጠየቁ። "ምን ይዘህ መጣህ?"

"ድንጋይ ይዤ መጣሁ" አለ ሙህሲን። "ሰው ግን አልገደልኩም።"

ወንዱ እንደ ንብ ተነሳ። ሽማግሎቹ ዱላቸውን አግድም ይዘው በመሀል ቆሙ። አንዱ "ሊሰድበን ነው የመጣው!" ይላል፣ ሌላው "ወትሮም የተማረ!" ይላል። ካሊድ ግን አልጮኸም። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ያ ነው ያስፈራኝ።

"ይሁን፣ አልገደልክም። ታዲያ እኔ ማንን ይቅር ልበል?" አለ። "ወንድምህ የወህኒ ግንብ ውስጥ ነው። አንተ ንጹሕ ነህ፣ እናትህ ንጹሕ ናት፣ ቤታችሁ በሙሉ ንጹሕ ነው። ወንድሜን እንግዲህ ጎርፉ ነው የገደለው? ይቅር የምለው ሰው ከሌለኝ ያ ጠመንጃ ምን ይሁን?"

ሙህሲን ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አስተካከለ። ድንጋዩ ከባድ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀጭን ነው።

"አልጨረስኩም" አለ። "አልገደልኩም። ከዚያ ውሃ የበቀለውን ማሽላ ግን በልቻለሁ። ተሸጦልኝ ደሴ ሄጄበታለሁ። ሲሰጡኝ፣ የማን ተራ ነበር ብዬ አልጠየቅኩም። ሁሉን ነገር የምጠይቅ ሰውዬ፣ እሱን አልጠየቅኩም። በዚህ በደለኛ ነኝ፣ ድንጋዩንም የተሸከምኩት በዚህ ነው። የገዳይ ወንድም ስለሆንኩ አይደለም። እህቴም የገዳይ እህት ስለሆነች ልትሰጥ አይገባም። የበላ ይጠየቅ፣ ዘመድ አይጠየቅ።"

ከሽማግሎቹ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። አልፈናል ብዬ ትንፋሼን ልለቅ ስል ካሊድ አንድ እርምጃ ቀረበ።

"እህትህስ" አለ። "ከዚያ ማሽላ አልበላችም?"

ወንድሜ "የበላ ይጠየቅ" ብሎ መነሻውን ራሱ በእጁ አስረክቧቸዋል። ያን ያህል ዓመት ሳውቀው መልስ ያጣበትን ቀን አላየሁም ነበር። አንገቱን ሊያቀና ፈለገ፣ ድንጋዩ አላስችል አለው። አንጀቴ ቅጥል አለ። ደግሞም ተናደድኩ፣ ወላሂ፣ በካሊድም፣ በወንድሜም፣ በገዛኸኝም። ስለኔ የሚያወሩት እኔ እያለሁ ነው እኮ!

ተነሳሁ። "በልቻለሁ!" አልኩ።

ሴቶቹ ነጠላዬን ያዙኝ፣ ትቼላቸው ሄድኩ። ከወንዙ አፋፍ ድንጋይ አነሳሁ፣ ከወንድሜ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ማጅራቴ ላይ አድርጌ ከጎኑ ቆምኩ።

"ጋሽ ሙላው፣ ድንጋዩ ከወረደለት ሰው ላይ ደምም፣ ከብትም፣ ቃልም አይጠየቅም ብለዋል፣ በደጃችን ተቀምጠው። እኔም በልቻለሁ፣ በበላሁት በደለኛ ነኝ፣ ስለ አላህ ብላችሁ አውርዱልኝ። ካወረዳችሁልኝ ደግሞ ከዚያ በኋላ ማንም እኔን አይጠይቅ። ካላወረዳችሁልኝ እዚሁ እንደቆምኩ እቀራለሁ እንጂ ወደማንም ቤት አልሄድም!"

"ሴት ድንጋይ ተሸክማ አታውቅም!" አለ አንዱ ከነሱ ወገን።

"ሴት ተሰጥታ ታውቅ የለ?" አልኩት ሳልዞር። መዞርማ አልችልም፣ አንገቴ ሊቀነጠስ ነው።

ሽማግሎቹ ራሳቸውን ገጥመው አንሾካሾኩ። አንዱ "ነውር ነው" ሲል ሰማሁ፣ ሌላው "ሕጉ ወንድ አይልም፣ ሰው ነው የሚለው" ሲል ሰማሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከጎኔ ሙህሲን "ሀዋ፣ አውርጂው" እያለ ያንሾካሽካል። "ዝም በል፣ አንተ ጨርሰሃል" አልኩት።

ጋሽ ሙላው መጨረሻ ላይ ተናገሩ። "ተሸክማለች። የተሸከመን ሰው እንዳላየን ማለፍ አንችልም። ማውረድ ግን የኛ አይደለም፣ የናንተ ነው" ብለው ወደ ሟች ቤት ዞሩ።

ካሊድ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ ወደ ጠመንጃው ክምር ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። እሺ ካለ የወንድሙን ስም የሚያስጠራበት ልጅ የለውም። እምቢ ካለ ደሙ ክፍት ነው፣ ሙህሲንም እዚያው ፊቱ ነው። ድንጋዩ እየተንሸራተተብኝ ነው። ድንጋዩ ከእጄ ከወደቀ ደግሞ እነሱ ያላወረዱት ድንጋይ ነው፣ ሁሉም ከንቱ ነው። ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እላለሁ።

ያኔ እማማ ዘነበች ተነሱ።

"እማ፣ ተይ" አለ ካሊድ።

"አንተ ያንተን አውርድ" አሉት። "እኔ የኔን አወርዳለሁ።"

አሮጊት ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የመጡት። እጃቸው አልደረሰልኝም፣ ይበልጥ ጎንበስ አልኩላቸው። ጣታቸው በጣቴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ፣ ድንጋዩን አብረን ይዘን ወደ መሬት አወረድነው። ከጎኔ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ። ካሊድ የሙህሲንን ድንጋይ ነጥቆ ጥሎታል። አላቀፈውም፣ አልሳመውም። ጥሎ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ግን አወረደው፣ ሽማግሎቹ አይተዋል፣ ሰው ሁሉ አይቷል። እናቴ እልልታዋን ልትጀምር አፏን ስትከፍት አየሁ።

እማማ ዘነበች ግን እጄን አልለቀቁም። ፊታቸውን ገልጠው አዩኝ። የሚሳደቡ፣ የሚተፉብኝ መስሎኝ ነበር። ድምፃቸው ጎረቤት ለጎረቤት እንደሚያወራ ነበር።

"ማሽላው ጥሩ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ እማማ" አልኩ። "ጥሩ ነበር።"

"እሱ ይለኝ ነበር። የዘንድሮው ጎርፍ ደለሉ ወፍራም ነው፣ ጥሩ ያበቅላል ይለኝ ነበር" አሉ።

ሙሀመድሰይድ ከሞተ ጀምሮ ያለቀስኩት ሁሉ ለሙህሲን ነበር። ለሟቹ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፣ እናቱ ትከሻ ላይ ተደፍቼ፣ ሽማግሎቹ መጥተው እስኪያላቅቁን ድረስ።